«ኮምፕሬሰሩ ሞቷል»፦ እውነት ወይስ ተረት?

በምሥራቅ ጎጃም ደባይ ጥላትግን፣ ቁይ ከተማ ላይ ኤሲ ከፍቶ የሚነዳ ሹፌር ቢገኝ ተሳፋሪው «ምነው፣ ብርዱ አልበቃህም?» ማለቱ አይቀርም። ደጋ ነው፤ ማለዳ ጋቢ፣ ማታ ጋቢ። ከደባይ ጥላትግን ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መኪና ኤሲ ትዝ የሚለው ደጀን ሲያልፍ ነው። መንገዱ ከ2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1000 ሜትር ወደሚጠጋው የአባይ ድልድይ ይጠማዘዛል፤ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ሲጫን የሚመጣለት ግን የሞቀ አየር ነው። ጋራዥ ሲደርስ ፍርዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፤ ይቀየር።»

አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሞተው ሌላ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ከሞተም ገዳዩ ቀድሞ የተሠራ ሥራ ነው። በደጋው አገር ስለ ኤሲ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ካልነኩት አይበላሽም።»

ተረት። የኮምፕሬሰር ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ይዞራል። የዘንጉን ማሸጊያ (ሲል) የሚያረጥበውና ጋዝ እንዳያሾልክ የሚያደርገው ይኸው ዘይት ነው። ኤሲው ለወራት ሳይከፈት ሲከርም ማሸጊያው ይደርቃል፣ ጋዙም ቀስ እያለ ያመልጣል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ የካቲት ኤሲ ያልነካ ሹፌር መጋቢት ላይ አባይ በረሃ ወርዶ ቢያዝን አይገርምም። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ለ10 ደቂቃ ያህል ማስነሳት ይበቃል።

ደግሞስ ኤሲ ለሙቀት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ነሐሴ ላይ ዝናብና ጉም ሲወርድ፣ አሥራ ሁለት ሰው የጫነ ዶልፊን ሚኒባስ መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ረዳቱም በጨርቅ ሲወለውል ይውላል። ኤሲው ከማሞቂያው ጋር አብሮ ቢከፈት አየሩን ያደርቀዋል፣ መስታወቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠራል። ለደጋ ሹፌር ይህ ጥቅሙ ከበረሃው ቅዝቃዜ ይበልጣል ባይ ነኝ።

«ካልቀዘቀዘ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ኮምፕሬሰሩ ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ቺንጋው የሚያዞረው ፑሊ ነው፤ ሞተር እስከተነሳ ድረስ ያለ እረፍት ይዞራል። ሌላው ከፊቱ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ሲሆን፣ የሚዞረው ኤሲ ሲከፈት ብቻ ነው። ኤሲ ሲከፈት ፍሪሲዮኑ በኤሌክትሪክ ማግኔት «ጠቅ» ብሎ ሁለቱን ያጣብቃል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ያንን የፊት ብረት በእጅ ያዙሩት። ያለ መንገጫገጭ፣ ትንሽ ከበድ ብሎት ከዞረ ውስጡ አልተነከሰም ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ይክፈቱ። «ጠቅ» ካላለ ችግሩ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የተበጠሰ ሽቦ ወይም ጋዝ ሲያንስ መስመሩን የሚቆርጠው የግፊት ስዊች ሊሆን ይችላል። የፊውዝና የኮምፕሬሰር ዋጋ ልዩነት ለማንም ግልጽ ነው። «ጠቅ» ብሎ የፊቱ ብረት እየዞረ አየሩ ካልቀዘቀዘ ደግሞ ወደ ጋዙ፣ ወደ ቬንትሌተሩና በአቧራ ወደተደፈነው ኮንደንሰር ይሂዱ። የገጠር አቧራ የኮንደንሰሩን ክንፎች ሲሞላ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ድምፁም ይናገራል። ኤሲው ጠፍቶም የሚንጫጫ ከሆነ የፑሊው ኩሽኔታ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ ለብቻው ይቀየራል። ኤሲ ሲከፈት ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ግን ውስጡ ተጎድቶ ይሆናል፤ ያኔ የጋራዡ ፍርድ እውነት ሊሆን ይችላል።

«ጋዝ በየዓመቱ ይሞላል።»

ተረት ነው፤ ለሚሞላው ሰው ግን ጥሩ ገቢ ነው። ጋዙ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል ነገር አይደለም፤ ዝግ በሆነ መስመር ውስጥ ይዞራል። በየዓመቱ ካለቀ የሚያፈስ ቦታ አለ። ፍሳሹን ሳይዘጉ መሙላት የተነደለ እንስራ ውስጥ ውሃ እንደመጨመር ነው። ቦታውን ለማግኘት ዓይን ብዙ ይረዳል፦ በቧንቧ መጋጠሚያ ወይም በኮምፕሬሰሩ አፍንጫ ላይ አቧራ የያዘ ዘይት ካዩ ጋዙ የሚወጣው በዚያ ነው። የሳሙና አረፋ አድርገው ያረጋግጡ።

«ጋዝ በበዛ ቁጥር ይቀዘቅዛል።»

ይህ ተረት በደጋ ላይ ልዩ ጉዳት አለው። ጋዝ የሚለካው በሚዛን ነው፤ መጠኑም ኮፈኑ ስር በተለጠፈ ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። አንድ ትንሽ አውቶሞቢል አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ይበቃዋል። በግፊት መለኪያው መርፌ ብቻ የሚሞላ ሰው ሁለት ጊዜ ይታለላል። አንደኛ፣ ቆሞ የቀዘቀዘ መኪና ላይ መርፌው የሚያነበው የሙቀቱን ልክ ነው፤ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ 300 ግራምም 600 ግራምም አንድ ዓይነት ያሳያል። ሁለተኛ፣ በቀዝቃዛ ማለዳ የሚሠራ መኪና ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። የሚሞላው ሰው በመጽሐፉ ላይ ለሞቃት ቀን የተጻፈውን ቁጥር ለማግኘት «ትንሽ ጨምርበት» ይላል። መኪናው ደጋ ላይ ሲሄድ ምንም አይሰማውም። አባይ ድልድይ ሲደርስ ግን ግፊቱ ይንርና ስዊቹ ያጠፋዋል፣ ወይም የደኅንነት ቫልቩ ይከፈታል፣ ወይም ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልሶ ይሰብረዋል። ፈሳሽ አይጨመቅምና።

«ቫኪዩም አልያዘም፤ ያፈሳል።»

ከጋዝ በፊት መስመሩ በፓምፕ ባዶ ይደረጋል። ባሕር ጠለል ላይ ሙሉ ቫኪዩም በመለኪያው 30 ኢንች ገደማ ነው፤ መጽሐፎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ደብረ ማርቆስ 2450 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ መርፌው 22 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል። ይህ ሙሉ ነው! ቁጥሩን ለማሳደግ ጋራዡ ሲታገል ቢውል አይሳካለትም። ፍሳሽ መኖሩን የሚነግረን ሌላ ነው፤ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ መርፌው ከቆመበት ይመለሳል ወይስ አይመለስም? በውስጥ የቀረ እርጥበት ደግሞ የሚወጣው ተኖ ነው፤ ስለዚህ በብርድ ማለዳ ከመሥራት ሞተሩ ሞቅ ሲል፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በፓምፑ ማስጎተት ይሻላል።

«ጋዝ ጋዝ ነው።»

አደገኛ ተረት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉ መኪኖች ኤሲ ካላቸው የተሠራላቸው ለአር 12 ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት፣ ጋዙ የኦዞን ሽፋንን ስለሚያሳሳ፣ ከገበያ አስወጥቶታል፤ ምርቱ በበለጸጉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1996፣ በታዳጊዎቹ በ2010 ቆሟል። የተካው አር 134ኤ ነው። ዘይታቸው አይገጥምም፤ የአር 12 ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሃድ ኮምፕሬሰሩ ጋ ሳይመለስ መስመር ላይ ይቀራል። ማዛወር ይቻላል፤ ግን አሮጌው ዘይት ወጥቶ፣ ኦሪንጎቹና ማድረቂያው ተቀይረው ነው። የቤት ማቀዝቀዣ አር 22 ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ለመኪና አይሆንም። የምግብ ማብሰያ ጋዝ መሙላትማ በተሳፋሪ ፊት እሳት ማስቀመጥ ነው።

«ኮምፕሬሰሩን ብቻ ቀይርልኝ።»

ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ገዝቶ መጥቶ ይህን የሚል ሰው ብዙ ነው። አሮጌው ውስጡ ተፈጭቶ የሞተ ከሆነ የብረት ብናኙ በመስመሩ ሁሉ ተበትኗል። ቧንቧው ሲፈታ ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ያለበት ዘይት ከወጣ ምስክሩ ያ ነው። አዲሱ ኮምፕሬሰር ያንኑ ብናኝ ውጦ ይከተለዋል። መስመሩ ይታጠባል፤ ማድረቂያው የግድ ይቀየራል፤ የማስፋፊያ ቫልቩም እንዲሁ። ቀጫጭን ቀዳዳ ያላቸው የዘመኑ ኮንደንሰሮች በእጥበት አይጠሩም፤ መቀየር ነው። ይህን ሁሉ የማይችል ኪስ ካለ ቺንጋውን አሳጥሮ ኤሲውን ማለፍ (ሞዴሉ ከፈቀደ) ሁለት ኮምፕሬሰር ከመቅበር ይሻላል።

ኮምፕሬሰሩ ብቻውን የማይቀየርለት ዓይነትም አለ። በአባይ በረሃ መንገድ ከካይሮ ወደ ኬፕ ታውን የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች አልጋና ምድጃ የተገጠመላቸው ያረጁ መኪኖች ይዘው ያልፉ ነበር። ጣሪያቸው ላይ የሚታየው ኤሲ ሌላ ዓይነት ነው፤ በቤት ኤሌክትሪክ ወይም በጄኔሬተር ይሠራል፣ ኮምፕሬሰሩም እንደ ፍሪጅ በብየዳ የታሸገ ነው። እሱ ሲቃጠል አይፈታም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዕቃውን መቀየር ይቀላል።

«ዳገት ላይ ኤሲ አጥፋ።»

ይሄ እውነት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ድርሻውን አይቀንስም። ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን የሙቀት መለኪያው ሲነሳ ኤሲውን ማጥፋት ራዲያተሩ እንዳይፈላ ያግዛል። ቆሞ ሞተር አስነስቶ፣ ኤሲ ከፍቶ መተኛት ግን ክልክል ይሁን፤ የጭስ ማውጫው መርዝ ሽታ የለውም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ይጠገናሉ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ኤሌክትሪኮቹ ጋራዥ ደጃፍ እየደረሱ ነው። የእነሱ ኮምፕሬሰር ቺንጋ የለውም፤ በውስጡ ባለ ሞተር ይዞራል፣ የሚፈልገውም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ነው። ለዶልፊን የሚሞላው ዘይት እዚያ ከገባ የኤሌክትሪክ መከላከያውን ያበላሻል። ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚሄደውን ብርቱካናማ ገመድም ያልሠለጠነ ሰው አይንካው።