ጳጉሜን 6ን የሚያውቅ ኮድ፦ የዩኒት ቴስት ዳሰሳ

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰሜን ወሎ፣ ውርጌሳ ላይ የተወለደ ሕፃን የስድስተኛ ሳምንት ክትባቱ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ላይ ይውላል። እናቱ በጣቷ ቆጥራ ትደርስበታለች። ቀጠሮውን የሚያሰላው ፕሮግራም ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ናት ተብሎ ከተጻፈ ግን የልደት ቀኑን አልቀበልም ይላል፤ ወይም ድምፁን ሳያሰማ ወደ መስከረም 1 ያሸጋግረዋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ማንም ሳያየው መዝገብ ላይ ይቀራልና።

ዩኒት ቴስት ይህን ዓይነቱን ስሕተት ከምንጩ ለመያዝ የሚጻፍ አጭር ኮድ ነው። የፕሮግራሙን ትንንሽ ክፍሎች አንድ በአንድ እየጠራ፣ የሰጡትን ውጤት አስቀድሞ ከሚታወቅ መልስ ጋር ያስተያያል። ለቀን ማስያው ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ሰጥቶ 42 ቀን ያስደምራል፤ ጥቅምት 12 ካልመጣ ወድቋል ብሎ በቀይ ይጽፋል። ፈተናው አንዴ ከተጻፈ ኮዱ በተነካ ቁጥር እንደገና ይሮጣል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ፈተናዎች በሰከንዶች ያልቃሉ። ሰው በእጁ ሲሞክር የሰለቸውን ይዘላል፤ ማሽን አይዘልም።

ሥራው የዛሬ መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ኬንት ቤክ ለስሞልቶክ ቋንቋ ኤስዩኒትን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ከኤሪክ ጋማ ጋር ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ፣ እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ የጃቫውን ጄዩኒት ጻፉ። ፓይተን የራሱን ዩኒትቴስት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ ያቀርባል፤ ፓይቴስት፣ ለፒኤችፒ ፒኤችፒዩኒት፣ ለጃቫስክሪፕት ጄስት ተከትለው መጥተዋል። ጀማሪ በምርጫቸው ብዙ ባይጨነቅ እመክራለሁ። የሚከብደው ምን እንደሚፈተን ማወቅ ነው።

ለእኛ ከሁሉ በፊት የሚፈተነው ቀን ነው። ጆዳ ታይም የተባለው የጃቫ ላይብረሪ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ሲያካትት ፈተናዎቹንም አብሮ ጽፏል፤ አንዱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 2004 በእኛ ሰኔ 2 ቀን 1996 መሆኑን ያረጋግጣል። ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው ዲኤችአይኤስ ቱም አሥራ ሦስት ወር መቁጠር ይችላል። ትልልቆቹ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ለአንድ ወረዳ የሚሠራ ትንሽ ሲስተም ያለ ፈተና ሥራ ላይ የሚውልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚታወቀው መልስ ከየት ይመጣል ለሚል፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነውን ባሕረ ሐሳብን የመሰለ ምንጭ የለም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ድምሩ በ19 ተገድፎ (ተካፍሎ) ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴን፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕን ይሰጣል። ለ2016 ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው። ይህ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሠራ መልስ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ አንድ ሺህ ዓመት በተከታታይ ሊፈትነው የሚችል ሕግ ነው። ትንሣኤ እሑድ እንጂ ሌላ ቀን አይውልም፤ ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም የሚለውም እንዲሁ ነው።

በዚህ ፈተና ግዴለሽ ኮድ የሚወድቅባቸው ዓመታት አሉ። በ2005 የ19ኙ ግድፈት ቀሪ ስለሌለው ኮዱ ወንበሩን ከዜሮ በታች ያወርደዋል፤ ትክክሉ 18 ነው። በ2006 ወንበሩ አልቦ ስለሆነ መጥቅዑ 30 መሆን ሲገባው ኮዱ ዜሮ ይላል። የአብነት ተማሪ ሁለቱንም ያለ ወረቀት ያርማቸዋል። ፕሮግራም ጸሐፊና የባሕረ ሐሳብ መምህር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚወጣው የፈተና ስብስብ ለአገር የሚተርፍ ነው፤ ይህን ከልቤ እመኛለሁ።

ለሰሜን ወሎ ተማሪ የሚበጅ ሌላም ነገር አለ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ዩኒት ቴስት መስመር አይፈልግም፤ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይበቃዋል። ስለዚህ ከውርጌሳ ወይም ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውቲንግ ለሚማር ልጅ ከፓይቴስት ይልቅ በዩኒትቴስት መጀመርን እመርጥለታለሁ፤ ፓይተን ከተጫነ ሌላ የሚወርድ ነገር የለውምና።

ዩኒት ቴስት ግን ሁሉንም ስሕተት አይዝም። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ሲችሉ፣ ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን ገልጿል። እንዲህ ያለው ብዙ ሲስተም ሲገናኝ የሚፈጠር ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ፈተናውን አልፎም መጋጠሚያው ላይ ስሕተት ይኖራል። ለዚያ የግንኙነት ፈተናና ጥንቃቄ የተሞላበት የማሻሻያ ሥርዓት ያስፈልጋል።

ወደሚፈተኑት ነገሮች ስንመለስ፣ ከቀን ቀጥሎ ፊደል ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘዋል። ስለዚህ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ኮምፒውተር የለም ይላል። ፍለጋው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያግኝ የሚለውን ፈተና መጻፍ ቀላል ነው። መታወቂያ ላይ የሚታተመው ግን የትኛው ይሁን? ይህን ኮድ ጸሐፊው ብቻውን ሊወስነው አይገባም፤ ፈተናው ከመጻፉ በፊት የቀበሌው መዝገብ ቤት ሠራተኛና ባለ ስሙ ይጠየቁ።