የከሪብ መሬት አመጣጥና አለካክ

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ አገር አትባራ፤ ሰቲትና ረሃድ በሚያልፉበት ስፍራ ሜዳው ጥቁር ዋልካ ነው። ማሽላና ሰሊጥ ያበቅላል። ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ግን ሜዳው በድንገት ይቋረጥና ቦረቦርና ጉብታ የበዛበት ባድማ ይሆናል። የአገሩ ሰው ይህን «ከሪብ» ይለዋል። በረሃድ ዳር ያለ የመፋዛ ገበሬም ሆነ በከተማ ያለ ሹም ሊያውቀው የሚገባው፤ ከሪብ በአንድ ስፍራ የቆመ ሳይሆን ወደ እርሻው የሚራመድ መሆኑን ነው።

ምክንያቱ ከመሬቱ ጠባይ ይጀምራል። ዋልካ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በዝናም ጊዜ ግን አብጦ ስንጥቁ ይገጥማል። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ውሃ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ይፈሳል። የወንዙ ወለል ከሜዳው እጅግ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ውሃው ከሜዳው ጠርዝ ተወርውሮ ከሥር ይቦረቡራል፤ የላዩም አፈር ይናዳል። በስንጥቅ የገባውም ውሃ ከመሬት በታች መንገድ ያበጃል፤ ጣራው ሲደረመስ አዲስ ቦረቦር ይከፈታል። ከ1940ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ የትራክተር እርሻ በገዳሪፍ ሲስፋፋ የግራሩ ዱር መመንጠሩ ጎርፉን አብሶታል።

ጉዳቱን በዓይን ከመገመት መለካት ይሻላል። ከዝናም በፊት ከቦረቦሩ ራስ 10 ሜትር ርቆ ችካል ይተከላል። ከዝናም በኋላ 7 ሜትር ብቻ ቢቀር፤ ቦረቦሩ በአንድ ክረምት 3 ሜትር በልቷል ማለት ነው። ለሰፊ አገር ደግሞ የአውሮፕላን ፎቶግራፍና ከ1972 ጀምሮ በሳተላይት የተነሡ ሥዕሎች የየዘመኑን ለውጥ ያሳያሉ። ነገር ግን ስፋቱ ብቻውን የጠፋውን አፈር መጠን አይናገርም፤ ጥልቀቱም ሊለካ ይገባል።

የታጠበው አፈር ጠፍቶ አይቀርም። በ1964 የተፈጸመው የኻሽም ኤል ግርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ከኢትዮጵያ ደጋና ከወንዞቹ ዳር የመጣው ደለል ግን ከጊዜ በኋላ ከዚህ ስፍራ ከግማሽ የሚበልጠውን ያዘው። ስለዚህ የላይኛው ገበሬ ኪሣራ ለታችኛው የመስኖ ገበሬም ኪሣራ ነው።

መድኃኒቱ ያለው በቦረቦሩ ራስ ነው። ውሃው ጠርዙ ሳይደርስ በቦይ ተመልሶ ሣር ወዳለበት ቢወሰድ፤ እርሻው ተዳፋቱን አቋርጦ ቢታረስ፤ በጠርዙ ያለው መሬት ሳይታረስ ለሣርና ለግራር ቢተው ጥፋቱ ይገታል። በዋልካ ላይ የሚሠራ የአፈር ግድብ በበጋ ስለሚሰነጠቅ በየዓመቱ ከዝናም በፊት መጠገን አለበት። የጠለቀውን አሮጌ ከሪብ ለመሙላት ከመድከም፤ ዛሬ በእርምጃ የሚታለፈውን ትንሽ ቦረቦር ማቆም ይበጃል።