የጀልባ መሪ እና ጥገናው

የጀልባ መሪ ከጀልባው ኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ አቅጣጫ የሚያስይዝ ሰሌዳ ወይም ሰፊ መቅዘፊያ ነው። በሸራ የሚሄዱ ትንንሽ ጀልባዎች ከዚህ ሌላ ከመሃላቸው ወደ ታች የሚወርድ ሰሌዳ አላቸው፤ እሱም ነፋሱ ጀልባውን ወደ ጎን እንዳይገፋው ይከላከላል። የጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ሁለቱም የሉትም። የሚሄደው በሸራ ሳይሆን በሰው ጉልበት ስለሆነ ቀዛፊው በያዘው ረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይገፋበታልም፣ ይመራበታልም። ዘንጉ ቢሰበር ከመጠገን ይልቅ ሌላ መቁረጥ ይቀላል።

የራ ጉዞ

የጣና ደንገል ግን አንድ ጊዜ ሸራና መሪ ተገጥሞለት ውቅያኖስ ገብቷል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስጓጓዘ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎችም በፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለውን ጀልባ ሠሩለት። ጀልባው በግንቦት 1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣ። ገና በጉዞው መጀመሪያ ሁለቱም የመሪ መቅዘፊያዎች ተሰበሩ። ደንገሉ ይሰምጣል ተብሎ ሲፈራ ቀድሞ የተሸነፈው እንጨቱ ነበር። መርከበኞቹ ስብራቱን በገመድና ባላቸው እንጨት እየጠገኑ ቀጠሉ። ኋላ ግን የጀልባው ጅራት እየሰመጠ ሄደ፤ በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከተጠቀለለው ጅራት ወደ ወለሉ የሚወርደው ገመድ በራ ላይ ስላልነበረ ጅራቱን የሚደግፈው አልነበረም። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ባርባዶስ ሳይደርስ ተተወ። በ1970 የቦሊቪያ አይማራ ሰዎች የሠሩት «ራ 2» ከዚያው ወደብ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ።

ስብራቱ የት እንደሚደርስ

የመሪ መቅዘፊያ እንደ ማንሻ ነው። ውሃው ሰፊውን ጫፍ ይገፋል፣ ሰውየው ላይኛውን ጫፍ ይይዛል፣ ዘንጉ ከጀልባው ጋር የታሰረበት ቦታ ደግሞ የሁለቱን ኃይል ይሸከማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ማሰሪያው አጠገብ ነው። ሁለቱን ስባሪዎች አፍ ለአፍ አጋጥሞ ማጣበቅ አይረባም። ሁለቱንም ጫፎች በረጅሙ በሰያፍ መጥረብና ማደራረብ ያስፈልጋል፤ የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ባሕር ላይ ይህን ለማድረግ ጊዜ ከሌለ እንደ ተሰበረ እግር በሁለት ወገን እንጨት ደግፎ አጥብቆ ማሰር ነው። ገበሬ ሞፈርና ቀንበር የሚያስርበት የቆዳ ምራን እዚህ አያገለግልም፤ ቆዳ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣልም።

በዛሬ ትንንሽ ጀልባዎች መሪውም የመሃሉ ሰሌዳም ብዙ ጊዜ ከኮምፔንሳቶ ይሠራሉ። ቀለሙ ከተሰነጠቀ ውሃ ገብቶ ያብጣል፣ ሰሌዳውም በማስገቢያው ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣም ይላል። የሚጠገነው መጀመሪያ በደንብ ከደረቀ ብቻ ነው፤ እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ኤፖክሲ ቆይቶ ይላቀቃል። የበሰበሰው ይፋቅና ጉድጓዱ በኤፖክሲ ይሞላል፣ ጠርዙም በፋይበርግላስ ጨርቅ ይሸፈናል። ለመኪና ቆርቆሮ የሚቀባው ስቱኮ ርካሽ ቢሆንም ውሃ ስለሚመጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም።