የማይድን ጨጓራና ስልክ ላይ የመጣ ዛቻ

እንፍራንዝ ውስጥ «ጨጓራዬ ነው» የማይል ታካሚ ጥቂት ነው። ወጣቷ ሴት መድኃኒቷን በአግባቡ ወስዳ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራውም ነፃ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቃት ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «በስልክሽ የሚያስፈራራሽ ሰው አለ?» አንዳንዴ መልሱ እንባ ነው።

በባሕር ዳር የተገደለችው የሰባት ዓመቷ ሕፃን ሔቨን ጉዳይ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አደባባይ ሲወጣ፣ ፍትሕ ጠይቀው በማኅበራዊ ሚዲያ ከተናገሩ ሴቶች መካከል ስድብና ዛቻ የወረደባቸው ነበሩ። ነገሩ የታዋቂዎች ብቻ አይደለም፤ በቴሌግራም ቡድን ሐሳቧን የሰጠች መምህርትም ይደርስባታል።

ዛቻ ስናነብ ሰውነታችን ዱላ የያዘ ሰው ፊት እንደቆመ ይሆናል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ጨጓራ ይረበሻል። ዱላ የያዘው ሰው ይሄዳል፤ ስልኩ ግን ትራስ ሥር ያድራል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ራስ ምታቱና ድብርቱ ከዚህ ይከተላል።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ማን ተናገሪ አለሽ? አርፈሽ ተቀመጪ» ይላል። ከፍቅር ቢመጣም አልስማማበትም። ጥፋቱን ከዛቹ አንሥቶ እሷ ላይ ይጭናል፤ ከዚያ ወዲህ የሚደርስባትን ትደብቃለች። ስልኳን መቀማትም ያው ነው፤ ሥራዋም ጓደኞቿም እዚያ አሉ።

ይልቅ የምታምናት እህት ወይም ጓደኛ መልእክቶቹን በእሷ ፈንታ ታንብብላት። ላኪውን ብሎክ ከማድረጓ በፊት ስሙና ቀኑ እንዲታይ አድርጋ ስክሪን ሹት ታስቀምጥ። በኮምፒውተር አማካኝነት ማስፈራራት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ዘንድ ሲኬድ ማስረጃው ያስፈልጋል። ማታ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ጠፍቶ ሳጥን ውስጥ ይግባ። የተጻፈባትን ነገር ለማዘን ብላችሁም ቢሆን ቡና ላይ ለጎረቤት አታሳዩ። የእንቅልፍ ክኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገዛላት፤ ሱስ ያስይዛል።

እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ድብርቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም ይያት። «ባልኖር ይሻላል» ካለች ግን ቀን አይቆጠርም። ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ በግልጽ ጠይቋት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ትምጣ፣ ካስፈለገም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደ አእምሮ ሕክምና እንልካታለን። አብሯት የሚሄድ ሰው ይኑር፤ መንገድ ላይ ስልኳን እሱ ይያዝላት።