የዕፅዋት ሕዋስን በጓዳ ቀለም ማቅለም

አብዛኛው የዕፅዋት ሕዋስ ቀለም አልባና ብርሃን አሳላፊ ነው። ከሽንኩርት ውስጠኛ ቅጠል የተላጠ ስስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕዋሶቹ ግድግዳ በደብዛዛው ይለያል፤ ኒውክለሱን ለማግኘት ግን ዓይን ይደክማል። ማቅለሚያ የሚያስፈልገው የሕዋሱን ክፍሎች አንዱን ከሌላው ለመለየት ነው።

በቤተ ሙከራ የተለመዱት ሳፍራኒንና ክሪስታል ቫዮሌት በፋብሪካ የሚመረቱ ናቸው። ጥርት ያለ ምስል ይሰጣሉ። ሆኖም ክሪስታል ቫዮሌት በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዝ ስለሆነ ወደ ቦይ ሊደፋ አይገባም። ከተክል የሚገኝ ቀለም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም፤ ዛሬም በሕክምና ቤተ ሙከራ የሚሠራበት ሄማቶክሲሊን የሚወጣው ከአንድ የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ግንድ ነው።

ከጓዳ ቀለሞች አንዱ ከርከዴ ነው። ቅላቱን የሚሰጠው አንቶሲያኒን በአሲድ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚኖረው፣ ኔጌቲቭ ቻርጅ ባላቸው የኒውክለስና የግድግዳ ክፍሎች ላይ ይጣበቃል። አሲዱ ሲቀንስ ግን ይደበዝዛል፤ ሎሚ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ለማዘጋጀት 10 ግራም የደረቀ ከርከዴ ይወቀጥና በ100 ሚሊ ሊትር የ70 በመቶ አልኮል ይዘፈዘፋል። ጥቂት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ ታክሎበት፣ ተከድኖ በጨለማ ያድርና በማግስቱ ይጠለላል። አልኮል ቶሎ በእሳት ስለሚያያዝ ከምድጃ መራቅ አለበት።

እርድ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። ኩርኩሚን የተባለው ቀለሙ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ የሚዘፈዘፈው በአልኮል ብቻ ነው። ቀይ ሥር በውሃ ቢወጣም ሙቀት ያበላሸዋል፤ ናሙናው ሲታጠብም በቀላሉ ይለቃል። ስታርች ለማየት ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዮዲን ይበቃል፤ አንድ ጠብታ በድንች ስስ ቁራጭ ላይ ሲያርፍ የስታርች ቅንጣቶቹ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣሉ።

ናሙናው በአዲስ ምላጭ በስሱ ተቆርጦ ቀለሙ ውስጥ ይቆያል። የሚቆይበት ጊዜ እንደ ውፍረቱ ስለሚለያይ በ5፣ በ15 እና በ30 ደቂቃ ሞክሮ ማወዳደር ይጠቅማል። ከዚያ ትርፍ ቀለሙ በጥቂቱ ታጥቦ፣ ናሙናው በስላይድ ላይ ጠብታ ውሃ ውስጥ ይቀመጥና በስስ መስታወት ይሸፈናል። የከርከዴ ናሙና ቢታጠብ የሚሻለው ሎሚ ጠብ ባለበት ውሃ ነው።

የተፈጥሮ ቀለም በብርሃንና በጊዜ ስለሚደበዝዝ በጥቂቱ ተዘጋጅቶ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ የተቀለመ ናሙና ጎን ያልተቀለመም መታየት አለበት፤ አለዚያ የተክሉ የራሱ ቀለም የማቅለሚያው ሥራ ሊመስል ይችላል።