«ተሽሎኛል»

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀጠሮ የነበራቸው እናት ቀሩ። ረዳቴ ስትደውልላቸው፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ተሽሎኛል፤ ተራውን ለሌላ ሰው ስጪው» ብለው ዘጉባት። ባለፈው ዓርብ ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር፣ «ንቀልልኝና ልገላገል» ሲሉኝ የነበሩት እኚሁ ሴት ናቸው። ጥርሱ እንዳይነቀል ለምኜ ከፈትኩት፤ የታመቀው ሲወጣ ወዲያው ቀለል አላቸው። ጊዜያዊ መሙያ አድርጌ፣ ሥራው ገና መጀመሩን ነግሬ ሸኘኋቸው። የሰሙት ግን ቀለል ማለቱን ብቻ ነው።

በዚህ ሙያ «ሞትኩ» ብሎ የመጣ ሰው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ «ተሽሎኛል» ያለው ነው።

የጥርስ ሕመም አታላይ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ጠዝጥዞ ያልፋል። ጉዳቱ ነርቩ ጋ ሲደርስ ትኩስ ቡና ይቀሰቅሰውና አልለቅም ይላል፤ ሌሊት ጋደም ሲሉ ደግሞ ይብሳል። ነርቩና የደም ሥሮቹ ያሉበት ክፍል ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ስለሆነ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን የሚያብጠው ሥጋ እዚያ መፈናፈኛ የለውም። ሲተኙ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ግፊቱ ሲጨምር እሱም አብሮ ይወጋል። ከዚያ አንድ ማለዳ ጸጥ ይላል። ሰውየው የዋጠውን መድኃኒት ያመሰግናል፤ ነርቩ ግን ሞቶ ነው።

«ሲያመኝ አሞክሳሲሊን አንድ ሁለት ፍሬ ጣል አደርጋለሁ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። ፊት ሲያብጥና ትኩሳት ሲኖር ከሕክምናው ጋር እኛም እናዛለን፤ ብቻውን ግን ሥሩ ውስጥ ያለውን ብክለት አያጸዳም። ወራት ቆይቶ ድድ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ትወጣለች፣ መግል ታፈሳለች፣ ትከስማለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። አታምም። ስለማታምም አትታይም። ከመንጋጭላው ሥር አብጦ መዋጥ ወይም መተንፈስ ያስቸገረው ሰው ከመጣ ግን ወንበሬ ላይ አላስቀምጠውም፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ቅርንፉድ ነክሰው ለሚመጡ እናቶች ክፉ ቃል የለኝም። የቅርንፉድ ዘይት እኛም በጊዜያዊ መሙያ ውስጥ እንጠቀምበታለን፤ ብዙ የጥርስ ክሊኒክ የሚሸተው እሱን ነው። ነጭ ሽንኩርት አሳድሮበት ድዱ ተቃጥሎ የመጣ ሲገጥመኝ ግን እቆጣለሁ።

ሩት ካናል፣ የጥርስ ሥር ቦይ ሕክምና፣ ሲባል ሰው የሚፈራው ሕመሙን ነው። በደንብ ከደነዘዘ የሚያስቸግረው አፍ ከፍቶ መቆየቱ ነው። እኛ ደግሞ መርፌ በሚያካክሉ ሞረዶች ቦዮቹን እንጠርጋለን፤ ቀጫጭኖቹ ጫፋቸው 0.10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እየሞረድን በረኪና ውስጥ ባለው በዚያው ንጥረ ነገር፣ በተመጠነ መጠን፣ እናጥባለን። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቦይ አለው፤ አራተኛው ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። እሱን ስፈልግ አንገቴ ደርቆ የቀረበት ቀን ብዙ ነው። የጸዳውን ቦይ ጉታ ፐርካ በሚባል፣ ከዛፍ በሚገኝ ላስቲክ መሰል ነገር እንዘጋዋለን።

ይህም ሆኖ ሥራው አላለቀም፤ ጥርሱን የሚሸፍነው ቆብ፣ ክራውኑ፣ ይቀራል። አንድ የታክሲ ሹፌር ነበር። የታችኛውን መንጋጋውን ጨርሼ፣ ጓንቴን እያወለቅኩ፣ «ክራውን ያስፈልገዋል፣ ተመለስ እሺ» አልኩት። «እሺ ዶክተር» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም፤ አላመመውማ። በዓመቱ የሽምብራ ቆሎ ሲቆረጥም ጥርሱ ከላይ እስከ ሥሩ ለሁለት ተከፈለ። እንዲያ የተሰነጠቀ መንጋጋ አይጠገንም፤ ያን ሁሉ የለፋሁበትን በገዛ እጄ ነቀልኩት። በእሱ ላላክክ እችል ነበር። ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ የነገርኩት ሊሄድ ሲል ነው፣ ሕመሙ ከጠፋለት በኋላ። ከዚያ ወዲህ የክራውኑን ነገር የማነሳው ማደንዘዣ ሳልወጋ፣ ገና እያመማቸው ነው። ያኔ ይሰማሉ።

መንቀልን የምጠላ አይምሰላችሁ። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላታ ለመጣ ገበሬ ሦስት ቀጠሮ ስሰጠው ተመልሶ እንደማይመጣ እሱም እኔም እናውቃለን፤ የገንዘቡም ነገር አለ። እነቅላለሁ፣ ጥጡን ነክሶ እንዲቆይና እስከ ማግስቱ እንዳይጉመጠመጥ እነግረዋለሁ። የተነቀለውም ቦታ ግን ያው ዝምተኛ ነው። ጎረቤቱ ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ከላይ ያለው የሚገጥመውን አጥቶ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አጥንቱ ይመነምናል። ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ «ይተከልልኝ» ብለው ሲመጡ ቦታው ጠብቦ ይገኛል።

ኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ጥርስ፣ ዛሬ በሁሉም አፍ ነው። መነሻው ስዊድናዊው ብሮኔማርክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጥንቸል አጥንት ላይ ያደረገው ቲታኒየም ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ አልላቀቅ ሲለው ነገሩ ገባው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በሰው ላይ ሞከረው። ጥሩ ሥራ ነው፣ አጥንቱ እስኪይዘው ወራት መጠበቅ ነው። ስኳሩን ላልተቆጣጠረና ሲጋራ ለማያቆም ሰው ግን አልቸኩልም። ክፍተቱን የሚያሻግር ድልድይ ለመሥራት ሁለት ጤነኛ ጥርሶችን መሞረድ ደግሞ እጄን ይከብደዋል። በደንብ የተለካ ተነቃይ ጥርስ እንደ ድሃ ምርጫ ሲታይ አዝናለሁ፤ ጥሬ ሥጋ የሚበሉበት ታካሚዎች አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት እኚያ እናት መጡ፤ ለራሳቸው ግን አይደለም፤ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነው። «መንጋጋዋ ተበላ። የወተት ጥርስ ነው መቼስ፤ ይነቀልና ሌላ ይብቀልላት» አሉ። አየሁት፤ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ በስድስት ዓመት ግድም የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ነው። ምንም ሳይወልቅለት ስለሚበቅል ብዙ ወላጅ ይሸወዳል። «እማማ፣ ይኼ ከሄደ ሌላ የለውም» አልኳቸው። ደነገጡ። ቀዳዳው ገና ነርቩ ጋ አልደረሰም ነበር፤ ጠርጌ ሞላሁት።

ልጅቷን ከወንበሩ ሳወርዳት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቦታዋን ያዙ።

«እኔን ግን አያመኝም» አሉ።

«አውቃለሁ እማማ» አልኩና መብራቱን ወደ እሳቸው ሳብኩት።