ገንዘብ የሚያድርበትን ስልክ ስለ መምረጥ

አባቶቻችን ገንዘባቸውን የሚያኖሩት በሣጥን፥ የሣጥኑንም ቍልፍ የሚያኖሩት በመቀነታቸው ነበር። የማርትሬዛ ብር ይሠራ በነበረበት ዘመን ነጋዴው ብሩን ከመቀበሉ በፊት በምስሉ ላይ ያለውን የጌጥ ፍሬ ይቈጥር፥ ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጦ ይመረምር ነበር። ገንዘቡ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ በበቅሎ ይጫን ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው ባንክ በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ግን ሰው ቀስ በቀስ ወረቀትን እንደ ገንዘብ መቀበል ለመደ። ዛሬ ደግሞ ገንዘብ ከብርም ከወረቀትም ወጥቶ በእጅ ስልክ አማካይነት በቍጥር ብቻ የሚታወቅ ሆኗል። ሣጥኑ ተለወጠ፤ ቍልፍ የመጠበቅ ነገር ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ዛሬ ስልክ የሚገዛ ሰው የቤቱን ገንዘብ የሚያሳድርበትን ሣጥን እንደሚመርጥ ሆኖ ማሰብ ይገባዋል።

ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። በጎረቤታችን በኬንያ ሳፋሪኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ኤም-ፔሳ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። ፔሳ ማለት በስዋሒሊ ቋንቋ ገንዘብ ማለት ነው። በዚህም በባንክ ሒሳብ የሌለው ሠራተኛ በናይሮቢ ተቀምጦ በባላገር ላለች እናቱ በስልክ ገንዘብ ለመላክ ቻለ፤ እርስዋም በመንደርዋ አጠገብ ካለው ወኪል ዘንድ ሄዳ ጥሬውን ገንዘብ ትቀበላለች። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ፥ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች ፈቃድ እያወጡ ይህን የመሰለውን ሥራ እንዲሠሩ መንገድ ተከፈተላቸው። በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. በመስከረም ወር የስልክ ሥራውን በይፋ ከጀመረ በኋላ፥ በዚያው ዓመት በነሐሴ ኤም-ፔሳን አስከተለ። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ ለመኪና የሚቀዳው ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መከፈሉ ቀርቶ በዚህ ዓይነት መንገድ እንዲከፈል በተደረገ ጊዜ፥ ስልክን ለመነጋገሪያ ብቻ ይይዙ የነበሩ ብዙ ሰዎች ሳይወዱ ተማሩት።

አሁን የነገሩን ጥቅምና ጉዳት በአንድ ቤት በሆነው ነገር እናስረዳ። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ፥ በጠባያቸው የምናከብራቸው አንድ ሰው ነገሩን ያጫወቱን እርሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን ግን እንተወዋለን። እናታቸው በመንዝ ይኖራሉ። ቀድሞ የወር መተዳደሪያቸውን የሚልኩላቸው በአውቶቡስ ነጂ ወይም ለተዝካር በሚወርድ ዘመድ እጅ ነበር። ገንዘቡም አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል፥ አንዳንድ ጊዜም ጐድሎ ይደርሳል። ስለዚህ ሰውዬው አንድ ዓመት ለፋሲካ ሲወርዱ ትልቅ መስታወት ያለው፥ መልካም ፎቶግራፍ የሚያነሣ፥ ዋጋውም ከአንድ ወር ደመወዛቸው የሚበልጥ ስልክ ገዝተው ለእናታቸው ሰጡ። መንደሩ ሁሉ መጥቶ አየው፤ እናቲቱም ልጃቸውን መረቁ።

ዳሩ ግን ስልኩ ከቤቱ ጋራ አልተስማማም። የኤሌክትሪክ መብራት በሌለበት አገር በየቀኑ ኤሌክትሪክ ይሻል። የእናቲቱ ጣት በሥራ ብዛት የደረቀ ስለ ሆነ መስታወቱ ሲነኩት አይሰማቸውም፤ ፊደልም አልቈጠሩም። ስለዚህ ስልኩ ከነምስጢር ቍጥሩ በጎረቤት ልጅ እጅ ዋለ። ልጁ የታመነ ነው፤ የመጣውን መልእክት ያነብላቸዋል፥ ወደ ከተማ ሲሄድም ባትሪውን አስሞልቶ ይመልሳል። አንድ ቀን የማያውቀው ሰው ደወለና፥ «የምደውለው ከመሥሪያ ቤት ነው። የእናትህ ሒሳብ ሊዘጋ ነውና፥ እንዳይዘጋ ምስጢር ቍጥሩንና አሁን በመልእክት የሚመጣውን ቍጥር ንገረኝ» አለው። ልጁም የጠቀማቸው መስሎት አነበበለት። ለማዳበሪያ የተቀመጠው ገንዘብ በዚያው ሰዓት ሄደ።

እናቲቱ ይህን ለልጃቸው አልነገሩም። ልጅየው ለመስቀል ሲወርዱ በጋጣው ውስጥ የቀሩት በጎች ሁለት ብቻ ሆነው አገኙ።

«እማማ፥ በጎቹ የት ሄዱ?»

«ሸጥኋቸው፥ ልጄ።»

«ገንዘብ እየላክሁልዎ ለምን ሸጡ?»

«የላክኸውን ሌባ ወሰደው። ልጁን እንዳትቈጣብኝ፥ አንተም በእኔ እንዳታዝን ብዬ ዝም አልሁ።»

ሰውዬው እንዳጫወቱን፥ ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ ያሳዘናቸው የእናታቸው ዝምታ ነው። «ስልኩን የመረጥሁት ለመንደሩ ዓይን ነበር፤ ለእናቴ እጅ አልመረጥሁትም» አሉን። ይህም ቃል ስልክ ለሚገዛ ሁሉ የሚበቃ ምክር ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች ያለውን የምንጽፈው በእርሱ ላይ ቆመን ነው።

የዛሬዎቹ ዘመናዊ ስልኮች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። አንደኛው አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው አይፎን ነው። ይህ ኩባንያ ስልኩንም፥ ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውንም ሥርዓት ራሱ ያሰናዳል። ሁለተኛው ወገን ጉግል የሚያሰናዳው አንድሮይድ የተባለው ሥርዓት ነው። ይህም በ2008 ዓ.ም. በመጀመሪያው ስልክ ላይ ከወጣ ወዲህ ሳምሰንግ፥ ቴክኖ፥ ኢንፊኒክስና ሌሎችም አያሌ ፋብሪካዎች በስልኮቻቸው ላይ ይጭኑታል። አይፎን ዋጋው ውድ ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ጥገናው ስለማይቋረጥበት፥ በሚሸጥበትም ጊዜ ዋጋው ቶሎ ስለማይወድቅ ይመሰገናል። የአንድሮይድ ስልኮች ግን ከርካሹ እስከ ውዱ በየዓይነቱ አሉ፤ ስለዚህ «አንድሮይድ መልካም ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ብሎ በጅምላ መፍረድ አይቻልም።

ጥገና ያልነው በየጊዜው ከፋብሪካው በኢንተርኔት የሚላከውን እድሳት ነው። ሌቦች በሥርዓቱ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ሲያገኙ፥ ያንን ቀዳዳ የሚደፍነው ይህ እድሳት ነው። ጉግል በ2023 ባወጣው ፒክስል 8፥ ሳምሰንግም በ2024 ባወጣው ጋላክሲ ኤስ 24 ላይ የ7 ዓመት እድሳት እንሰጣለን ብለው ቃል ገብተዋል። ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይህን አያገኙም። ገንዘብ በማያድርበት ስልክ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ገንዘብ በሚያድርበት ግን ጣራው የሚያፈስ ጐተራ እንደ መያዝ ነው። እንግዲህ ገዢው ሻጩን «ፎቶግራፉ እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እድሳቱ እስከ ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሲም ነገር ነው። ሲም የምትባለው ትንሽ ካርድ የስልክ ቍጥራችንን የምትይዘው ናት። በአገራችን ሁለት የስልክ ኩባንያዎች ስላሉ፥ ከሁለቱም ጋራ የሚሠራ ሰው ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ቢኖረው ሁለት ስልክ ከመሸከም ያርፋል። ቴክኖን የሚሠራው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ በአፍሪካ ገበያ የገነነው ሁለት ሲም የሚይዝና ባትሪው የሚበረታ ስልክ በማቅረቡ ነው፤ በአገራችንም መገጣጠሚያ ፋብሪካ አቋቁሟል። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶች ስልክ በሚልኩልን ጊዜ ግን ሁለት ነገር አስቀድሞ መመርመር ይገባል። መጀመሪያ፥ ስልኩ በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የተቈለፈ እንደ ሆነ፥ ዕዳው ተከፍሎ እስኪከፈት ድረስ የእኛን ሲም አይቀበልም። ሁለተኛ፥ ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡት አይፎን 14 እና ከእርሱ በኋላ የመጡት የሲም መክተቻ ቀዳዳ የላቸውም፤ ቍጥሩ የሚገባባቸው ያለ ካርድ፥ ኢሲም በተባለው መንገድ ነው። ይህን ሳያጣሩ የተቀበሉት ስጦታ መስታወት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው የባትሪና የማኅደር ነገር ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከቀጭንና ከሚያምር ስልክ ይሻላል። የማኅደሩ ስፋት 64 ጊጋባይት ቢሆን ለክፍያና ለመልእክት ሊበቃ ይችላል፤ የልጆች ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚከማችበት ግን 128 ቢሆን ይመረጣል። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ደግሞ *#06# ብሎ ቢጽፍ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቍጥር ይታየዋል፤ ይህን በካርቶኑ ላይ ካለው ጋራ ያስተያይ። ቍጥሩ የተለያየ እንደ ሆነ ገንዘቡን ሳይከፍል ይመለስ።

ስለ ክፍያው ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አፕል በ2014 ዓ.ም. ስልክን ወደ መክፈያ መሣሪያ በማስጠጋት ብቻ የሚከፈልበትን መንገድ አወጣ። ይህ ግን የሚሠራው ባንኮች ከኩባንያው ጋራ በተዋዋሉባቸው አገሮች ነው። የእኛ ቴሌብርና ኤም-ፔሳ ከስልክ ቍጥራችን ጋራ የተያያዙ ስለ ሆኑ፥ ውዱ ስልክ በዚህ ረገድ ከርካሹ ብዙ አይበልጥም። እንዲያውም ባለ ቍልፉ ተራ ስልክ ያለ ኢንተርኔት *127# ተብሎ ተጽፎበት የቴሌብርን ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ገንዘብ መላክና መቀበል ብቻ ለሚሻ ሰው ደመወዙን በመስታወት ላይ ማፍሰስ አያስፈልገውም።

ስልኩ ምንም ቢሆን የገንዘቡ እውነተኛ ቍልፍ ምስጢር ቍጥሩ ነው። ይህን ቍጥር በስልክ የሚጠይቅ ሁሉ፥ ከየትም መሥሪያ ቤት ነኝ ቢል፥ ሌባ ነው ብሎ መቍጠር ይገባል። በመልእክት የሚመጣውም የአንድ ጊዜ ቍጥር እንዲሁ ለማንም አይነገርም። «በስሕተት ገንዘብ ልኬብሃለሁና መልስልኝ» የሚል ሰው ቢመጣ፥ ከመመለስ በፊት መልእክቱን አምኖ ሳይሆን የራስን ሒሳብ ከፍቶ ማየት ያሻል፤ የሐሰት መልእክት ይላካልና። ስልኩ የጠፋ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ለኩባንያው አስታውቆ ሲሙንም ሒሳቡንም ማዘጋት ነው። ባልና ሚስት ደግሞ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንዳለ ሊተዋወቁ ይገባል፤ የየራሳቸውን ምስጢር ቍጥር ግን እያንዳንዳቸው ይጠብቁ። ከሁሉም በላይ የተታለለ ሰው ፈርቶ እንዳይሸሽግ፥ በቤት ውስጥ ቍጣ ይቅር። ቶሎ የተነገረ ነገር አንዳንድ ጊዜ ይድናል፤ የተሸሸገው ግን በግ ያሸጣል።

ወደ መንዙ ቤት እንመለስ። ሰውዬው ያንን ትልቅ ስልክ ተማሪ ለሆነች ልጃቸው አዛወሩትና፥ ለእናታቸው ቍልፎቹ ጐላ ጐላ ያሉ፥ ባትሪውም ብዙ ቀን የሚቈይ ተራ ስልክ ገዙ። ሲሙንም ሒሳቡንም በእናታቸው ስም አድርገው አዲስ ምስጢር ቍጥር አስያዙዋቸው። እናቲቱ ፊደል ባይቈጥሩም የቍልፎቹን ቦታና ተራ፥ የኔታ ለሕፃናት የቃል ትምህርት እንደሚያስጠኑት፥ ሦስት ማታ በቃላቸው አጠኑ። የጎረቤቱ ልጅ ዛሬም መልእክት ያነብላቸዋል፤ እርሱንም የተቈጣው ሰው የለም። ምስጢር ቍጥሩን ግን እናቲቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ራሳቸው ይጽፋሉ።

ሰውዬው ከተመለሱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በመሥሪያ ቤታቸው ሳሉ ስልካቸው ጮኸ። ቢያዩት ከእናታቸው 20 ብር ተልኮላቸዋል። ደንግጠው ደወሉ።

«እማማ፥ ይህ ገንዘብ ምንድር ነው?»

«መሄዱን ልፈትን ብዬ ነው፥ ልጄ። ማንም አልረዳኝም፤ ቍጥሩንም ለማንም አልነገርሁም።»

ሰውዬው ያንን 20 ብር እስከ ዛሬ ድረስ እንዳላወጡት ነግረውናል። እንግዲህ ስልክ ለመግዛት ወደ ገበያ የምትወጡ የቤት አባቶችና እመቤቶች፥ ከዋጋውና ከውበቱ በፊት የሚይዘውን ሰው እጅ አስቡ።